ፋኖሱ ለምን ይሸፈን እንደነበር

ፈንታሁን መያዙን የሰማሁት ቢቸና፣ ከሰብል ጥበቃ ጣቢያችን ግቢ፣ ጠዋት የእሳት እራት ወጥመዱን ወደ ሳህን ሳራግፍ ነው። ከሞጣ እህል ጭኖ የመጣ ሾፌር ከመኪናው ሳይወርድ፣ «ያ የእሳት እራት የሚለቅመው ሰውዬ ታሰረ፤ ለወንበዴ መብራት ሲያሳይ ነው አሉ» አለኝ። ሳህኑን አላስቀመጥሁትም። የያዝሁትን ጨርሼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ከዚያ ነው ወደ ኃላፊያችን ቢሮ የሄድሁት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ እስካሁን አላውቅም።

ዛሬ ከአገሬ ርቄ ዲላ ነው የምኖረው፤ ጡረታ ከወጣሁም ቆየሁ። በሙያው ያላችሁ ወጣቶች ስለ ሥራው እንድጽፍላችሁ ጠይቃችሁኛል። ስለ ሥራው ከጻፍሁ ፈንታሁንን መዝለል አይሆንልኝም።

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ኃላፊያችን አቶ ደረሰ የሞቱ የእሳት እራቶች የሞሉበት ሳህን ከፊቴ አስቀምጠው፣ የተምቿን ከሌላው ለዪ አሉኝ። ለእኔ ሁሉም አመድ ነበር። መለየቱን ያሳየኝ ፈንታሁን ነው። የሞጣ ልጅ ነው፤ ቅኔ ቤት ቆይቶ በኋላ ቴክኒሽያን የሆነ። የፊተኛውን ክንፍ በመርፌ ጫፍ ገለጥ አድርጎ የኋለኛውን አሳየኝ፤ ነጣ ያለ፣ እንደ ቅጠል ሥር ያሉት መስመሮቹ ጠቆር ያሉ። «በክንፏ አትያዣት። ዱቄቱ ልብሷ ነው፤ ከረገፈ ማን እንደሆነች አይታወቅም» አለኝ።

ገበሬው ተምች ከዝናብ ጋር ከሰማይ ይወርዳል ይል ነበር። በነፋስ የምትመጣው ግን እናቲቱ ናት። እንቁላሏን ትጥላለች፣ ከዚያ የሚፈለፈለው ትል ጤፉንም በቆሎውንም ይጨርሳል። እሷን ቀድመን ካየን ለሞጣም ለየጁቤም ገበሬ አስቀድመን እንናገራለን። ዋናው ሥራችን ይኸው ነበር።

አቶ ደረሰ ግን የሌላውንም የእሳት እራትና የቢራቢሮ ዓይነት ማወቅ ይፈልጉ ነበር። ቢራቢሮውን ቀን በመረብ እንይዛለን። አባጨጓሬውን ከየደብሩ ዛፍ ከነቅጠሉ አምጥተን በጠርሙስ እናሳድጋለን፤ ክንፍ ሲያወጣ ማን እንደሆነ እናያለን። ከወይራ ላይ የመጣው ወይራ ካልሰጡት ይሞታል፣ ከብሳና የመጣውም እንደዚያው። ስለዚህ ቅጠል ሊያልቅብን ሲል ወደ ደብሩ እንመለሳለን። ካህናቱን ሳናስፈቅድ አንዲት ቅጠል አንቆርጥም ነበር።

የያዝኋትን የእሳት እራት ወደ መግደያው ጠርሙስ ከመጨመሬ በፊት አማትብ ነበር። ፈንታሁን አንድ ቀን አየኝና፣ «እታለም፣ ፍትሐትም ልታስፈቺላት ነው?» አለኝ። ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ባማተብሁ ቁጥር ድምፁን እንደ ቄስ አወፍሮ «እግዚአብሔር ይፍታ» ይል ነበር።

ኋላ የሞጣው ወጥመድ ለእሱ ተሰጠ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከነጭ አቡጀዲ ፊት ትልቅ የላምባ ፋኖስ ይሰቀላል። የእሳት እራት መብራት ካየች አታርፍም፤ ትዞራለች፣ ትጋጫለች፣ ትቃጠላለች። ስለዚህ ጥቂት አብርተን ፋኖሱን በቆርቆሮ እንሸፍነዋለን። ሲጨልም አቡጀዲው ላይ ታርፋለች። ደግሞ እንገልጠዋለን፤ ደግሞ እንሸፍነዋለን። የቢቸናው አጥር ውስጥ ስለነበር ከደጅ አይታይም። የሞጣው ግን የአባይን ነፋስ እንዲያገኝ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነበር፤ ከማዶ ደግሞ በዚያ ሰሞን ታጣቂ ገብቷል ይባል ነበር። ከሩቅ ላየው ሰው ብልጭ ድርግም የሚል ምልክት ነው። ይህን ማንኛችንም አላሰብንም። ለቅጠሉ ካህናቱን አስፈቅደናል፤ ስለ ፋኖሱ ግን ለማንም አልነገርንም።

አቶ ደረሰ ወሬውን ስነግራቸው ተነሥተው በሩን ዘጉት። ለበላይ እናገራለሁ አሉኝ። በማግስቱ ስጠይቃቸው ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሱ፣ «እኔም ልጆች አሉኝ» አሉ። አልፈርድባቸውም።

ሞጣ ብቻዬን ሄድሁ። አሠራሩን በዓይናቸው ይዩት ብዬ የቢቸናውን አቡጀዲ፣ ፋኖሱንና ቆርቆሮውን ይዤ ነበር። ከደኅንነቱ ሹም ፊት አቡጀዲውን ዘረጋሁ። የክንፍ ዱቄት እንደያዘ ነው። ፋኖሱን ሸፍኜ ገልጬ አሳየሁት።

«ሴትዮ፣ የእሳት እራት ለሚለቅም ሰው ደመወዝ የሚከፍል መንግሥት አለ?» አለኝ።

«አለ። የምትከፍሉን እናንተው ናችሁ።»

አጠገቡ የነበሩት ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ሲስቅ ፈንታሁንን የሚለቀው መስሎኝ ነበር። ወደ ማርቆስ ተልኳል አለኝና ፋኖሱን አስቀረብኝ። ማርቆስ ስደርስ በዚህ ስም የመጣ እስረኛ የለም አሉኝ። ደግሜ ሄድሁ፤ መልሱ ያው ነው።

በዚያ ክረምት አፋፉ ላይ ፋኖስ አልበራም። የሞጣ ገበሬ ተምቹን ያወቀው ማሳው ላይ ሲያየው ነው።

እናቱን እማማ ጥሩን ልጠይቅ ስሄድ ከል አልለበሱም። ጎረቤቱ ተዝካሩን አውጪ እያለ ይመክራቸው ነበር። እኔም እንደዚያ ልመክራቸው የመጣሁ መስያቸው ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ በሕይወት ካለስ? ፍትሐት አስፈትቼ በቁሙ ልቅበረው? ሞተ ካላችሁኝ ቀኑን ንገሩኝ፤ ያኔ እደግሳለሁ።»

ቀኑን የሚነግራቸው ሳይገኝ አረፉ። የእሳቸው ተዝካር ወጣ፤ የእሱ አልወጣም። እኔም ዝውውር ጠይቄ ወደዚህ መጣሁ።

ከዚያ ሥራ የተማርሁት ይህ ነው፦ አፋፍ ላይ ፋኖስ ከማብራታችሁ በፊት መብራቱ ለሚታያቸው ሁሉ ምን እንደምትሠሩ ሄዳችሁ ንገሩ። ክንፍ መለየት ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

በዚያ ሰሞን ሞጣ ወይም ማርቆስ ታስራችሁ የነበራችሁ፣ ዘብ የነበራችሁም ብትሆኑ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቀጭን፣ የቀኝ አውራ ጣቱ በፋኖስ የተቃጠለ፣ ሲቀልድ ድምፁን እንደ ቄስ የሚያወፍር ሰው አብሯችሁ ከነበረ ንገሩኝ። ማንንም አልከስም። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። ለጸሎት ስሙን ስሰጥ ካህኑ፣ «በሕይወት ያለ ነው ወይስ ያረፈ?» ይሉኛል። የምመልስላቸውን ንገሩኝ።