ሳይጠየቅ የቀላ ፊት

ጋርላንድ ከተማ ፎቶ ማጠቢያ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ባለቤቱ ሬይ ጨለማ ክፍል አስገባኝና በቀጭን ሽቦ ጫፍ የተጣበቀች፣ ሳንቲም የምታክል ካርቶን ሰጠኝ። ከፎቶ ማጉያው ወደ ማተሚያ ወረቀቱ የሚወርደውን ብርሃን ለጥቂት ሰከንድ በእሷ ከከለሉት ፊት ቀልቶ ይወጣል፤ ብርሃን ከጨመሩ ይጠቁራል። «ደንበኛ የሚወደው የተመኘውን ፊት ነው» አለኝ።

ይህን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። የሙሽራ እናቶች ከጎረቤት ከተሞች፣ ከፕሌኖም ከሮውሌትም ይመጡልኝ ጀመር። «ልጄን ትንሽ ቀላ አድርግልኝ። ማለቴ፣ ሜካፑ ነው ያጠቆራት እንጂ እሷስ እንዲህ አይደለችም፣ ኦኬ?» ይሉኛል። ልጅቷ አጠገባቸው ቆማለች፤ ልክ እንደ ፎቶው ናት። እኔም አቀላለሁ። በዚህ ሙያ ስሜ ገነነ።

በሦስተኛው ዓመት ሚስተር ኤልሞር የሚባሉ ጥቁር ሽማግሌ መጡ። በከተማችን ለነጮች ጋዜጣ ፎቶ ያነሡ የመጀመሪያው ጥቁር እሳቸው ናቸው፤ ፒያኖ ይጫወታሉ፣ ሥዕል ይሥላሉ፣ ግጥምም ይጽፋሉ። ከተማው በኤግዚቢሽን ሊያከብራቸው የወሰነው ሰማንያ ሊሞላቸው ሲል ነው፤ መቸኮል አልፈለገም።

አንድ ያረጀ ኔጋቲቭ ሰጡኝ። «እናቴ ናት። የሰው ቤት ስታጸዳ ኖራ ሞተች። ሌላ ፎቶ የላትም። አሁን አዳራሹ መግቢያ ላይ ትሰቀላለች» አሉኝ።

አክብሮቴን በማውቀው መንገድ ገለጽኩ። እኚያን እናት እንደ ሙሽራ አቀላኋቸው።

ሽማግሌው ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። «ንጹሕ ሥራ ነው። ማን ናት?»

«እናትዎ ናቸው።»

«እናቴን እኔ አውቃታለሁ።»

አፈርኩ። ሰበብ ልደረድር ስል ኮታቸውን አውልቀው ጨለማ ክፍል ገቡ። ካርቶኗን አላስነኩኝም። በእናትየው ፊት ላይ ብርሃኑን ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ሰከንድ እየጨመርን ደጋግመን አተምን። በስድስተኛው ላይ ከጥቁረቱ ውስጥ የጉንጫቸው አጥንት፣ የግንባራቸው ላብ ወጣ። ሚስተር ኤልሞር እርጥቡን ወረቀት ወደ ላይ አንሥተው «ደህና ዋልሽ?» አሏት። እንባዬ መጣ፤ ክፍሉ ጨለማ መሆኑ ጠቀመኝ።

በኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ዕለት ጠዋት ሰቀልናት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሴት ራሷን ዘንበል አድርጋ አየቻትና «ግሩም ናት፤ ግን ትንሽ አልጨለመችም? እስከ ማታ ቀላ አድርጋችሁ ብታመጧት?» አለች።

«ይቻላል። እሱ በዚህ ሥራ አንደኛ ነው» አለ ሬይ ወደ እኔ እየጠቆመ። ሚስተር ኤልሞር ወደ እኔ ዞሩ።

ሥራዬን አሰብኩ። ከዚያ «አልተሳሳትንም። ሴትዮዋ ጥቁር ናቸው» አልኩ።

በመኪና ወደ ማጠቢያ ቤቱ ስንመለስ ሬይ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው፤ አላባረረኝም ግን። ማታ አምስት ተናጋሪዎች ስለ ሽማግሌው ፒያኖና ግጥም ሲያወድሱ አመሹ። ስለ ፎቶዎቹ የተናገረ አልነበረም። እናትየው ግን እንደነበሩት ሆነው ተሰቅለዋል።

ከዚያም በኋላ ሲጠይቁኝ ብዙ ሙሽራ አቅልቻለሁ፤ ጀግና አልሆንኩም። ሳልጠየቅ ግን የማንንም ፊት አልነካሁም። ለጀማሪ የማስተምረውም ይህንኑ ነው።