ማንም ያላረደው ማዕድ

ልጅ ሳለሁ ዲላ ላይ ሥጋ ሁለት ዓይነት ነበር፤ የእኛና የእነሱ። እኔና ጓደኛዬ ዘይነባ እቃቃ ስንጫወት እንኳ ይህን ሕግ አንጥስም ነበር። ከቀዩ ጭቃ በግ እንሠራለን። እሷ የራሷን «ቢስሚላሂ» ብላ ታርዳለች፣ እኔ የእኔን «በስመ አብ» ብዬ አርዳለሁ። ከዚያ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን የየራሳችንን ጭቃ እንበላለን። አንድ ቀን ተሳስቼ የእሷን በግ ባርኬ ባርድባት የእውነቷን አለቀሰች፤ አዲስ በግ እስክሠራላትም አላናገረችኝም። የእኔ እኩዮች ይህን ስታነቡ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኛ ግን ቀልድ አናውቅም ነበር።

አባቷ ኑሪ ከስልጤ አገር፣ አባቴ ወልዴ ደግሞ ከቡልጋ የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። ሱቆቻቸው አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ዓርብ ኑሪ መስጊድ ሲሄድ አባቴ ሁለቱንም ሱቅ ይጠብቃል፤ እሑድ አባቴ ቅዳሴ ሲያስቀድስ ኑሪ ይጠብቃል። የአቡጀዲውና የላምባው ሽታ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ይሻገር ስለነበር፣ ዓይኔን ጨፍኜ ብገባ የማን ሱቅ እንደሆነ አላውቅም ነበር። እናቴ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምትለው እነሱን እያየች ነው።

ጣልያን ዲላ ሲገባ መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲያስረክብ ታወጀ። አባቴ ምንሽሩን አላስረከበም። ከጓሯችን ካለው እንሰት ሥር ቆፍሮ ሲቀብረው አፈሩን የጠቀጠቀለት ኑሪ ነበር። ከሁለቱና ከእናቴ በቀር ቦታውን የሚያውቅ አልነበረም።

የጣልያን ወታደሮች፣ ሶላቶዎቹ፣ በጠራራ ፀሐይ መጡ። ቤት አልፈተሹ፣ ዕቃ አልገለበጡ፤ በቀጥታ ወደ ጓሮ አልፈው እንሰቷን ነቀሉ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሲቆፍሩ አየች። አልጮኸችም። ቀና ብላ የኑሪን ቤት ብቻ አየች፤ በሩ ተዘግቶ ነበር። አባቴን ይዘውት ሄደው በማግስቱ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ዳር ረሸኑት። ሬሳውን አልሰጡንም፤ ሙሾ ማውረድም ከለከሉን። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስታለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። እስከ ዛሬ ሰው ሲያለቅስ ድምፅ ካልሰማሁ እፈራለሁ።

ከዚያ በኋላ በሁለቱ ቤቶች መካከል ሰላምታ ቀረ። እናቴ ስለ ኑሪ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ «ሆድ ይፍጀው» ብላ ዝም አለች። ዘይነባን መንገድ ላይ ሳገኛት አንገቷን ደፍታ ታልፈኛለች። እንደጠላችኝ አሰብኩ። እኔም እጠላት ዘንድ ብዙ ሞከርኩ፤ ግን አብሬው የምጫወት ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ጣልያን ተሸንፎ ሲወጣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ታፈሰ ከጫካ ተመለሰ። ጎፈሬው ትከሻው ላይ ወርዷል፣ ዓይኑ ደም ለብሷል። የጠቆመው ኑሪ ነው የሚለውን ወሬ እንደሰማ በራችን ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀመጠና ጠመንጃውን ይወለውል ጀመር። ዓይኑን ከኑሪ በር አይነቅልም። ኑሪ ግን አልሸሸም። ለሶላት ሲወጣ በአጎቴ ፊት በዝግታ ያልፋል፣ በዝግታ ይመለሳል። ዲላ ሁሉ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይጠብቅ ነበር። አጎቴ ኑሪን ከገደለ የኑሪ ወንድሞች አጎቴን ይገድላሉ፤ ከዚያ ደግሞ ተረኛው ማን እንደሚሆን ማንም አያውቅም።

እናቴ አንድ ጠዋት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጂግሶ ወደሚባሉ የጌዴኦ ሽማግሌ ሄደች፤ እኔንም ይዛኝ ሄደች። ጂግሶ እንደ አገሩ ልማድ ማጌኖ ብለው ፈጣሪን የሚለምኑ፣ ከመስጊዱም ከቤተክርስቲያኑም ያልሆኑ ሰው ነበሩ። ለሰፋሪዎቹ ለእኛ ሰዎች ብዙ ዘመን ገብረዋል። እናቴ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ያዙ።

«እናንተ ነፍጥ ይዛችሁ ስትመጡብን እኛም ብዙ ሰው ቀበርን» አሏት። «ከዚያ ሶንጎ ተቀምጠን ተነጋገርን፤ ኖርን። ነገ ሁለቱም ይምጡ።»

ሶንጎው ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ትልቅ ዛፍ ሥር ያለ መስክ ነው። ሴት እዚያ አትቀመጥም፤ ሟቹ ባሏ ስለሆነ ግን ለእናቴ ቦታ ሰጧት። እኔ ከእናቴ፣ ዘይነባ ከአባቷ ኋላ ነበርን። አጎቴ ጠመንጃውን አላስቀምጥም ብሎ ጉልበቱ ላይ አጋድሞታል።

ስህተቱ የተሠራው ገና ሳይጀመር ነው። የጂግሶ ሰዎች ለእርቁ በግ አምጥተው ማጌኖን ለምነው ራሳቸው አረዱት። ሥጋው ከተጠበሰ በኋላ ነው የገባቸው፤ እኛ አንበላውም፣ እነ ኑሪም አይበሉትም። የደከሙበት ሥጋ ቅጠል ላይ ተዘርግቶ ዝንብ ሲወረው ሁሉም አፍሮ አቀረቀረ።

አጎቴ ብድግ አለ። «አያችሁ? እግዜርም አልፈቀደውም!»

አንዱ ሽማግሌ ለእያንዳንዱ ወገን አንዳንድ በግ ይታረድ አለ። ጂግሶ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁለት በግ ካረድን ሁለት እርቅ ነው። ሁለት እርቅ ደግሞ ጠብ ነው» አሉ። ከዚያ ሚስታቸውን ቆጮ እንድታመጣ ላኩባት። «እንሰትን ማንም አያርደውም፤ የማንም ጸሎት የለበትም። እሱን ትበላላችሁ።»

ከጉድጓድ የወጣው ቆጮ ተጋግሮ፣ ትኩስ ትኩሱን በአንድ ኮባ ላይ መጣ። ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ መስኩን ሞላው። ጂግሶ ግን እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉ። «እውነቱ ሳይነገር የተበላ እህል ሆድ ውስጥ አያድርም። ኑሪ፣ ተናገር።»

ኑሪ ተነሳ። ወደ አጎቴ አልዞረም፤ ወደ እናቴ ነው የዞረው።

«እትዬ አስካለ፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ» አላት። «አንድ ሰው መሣሪያ ይዘን ወደ ጓሮ ስንገባ አይቶን ኖሮ ጠቆመ፤ የቀበርንበትን ቦታ ግን አላወቀውም። ያዙኝ። ገረፉኝ፣ አልተናገርኩም። ኋላ ዘይነባን አምጥተው ከፊቴ አቆሟት። ጠመንጃውን ግንባሯ ላይ አደረጉት። ያን ጊዜ ተናገርኩ። ወልዴ ወንድሜ ነበር። ግን አልዋሽሽም፤ ዛሬም ቢያመጧት እናገራለሁ።»

ዘይነባን አየኋት። ሣሩን እየነጨች ነበር። አንገቷን ደፍታ ታልፈኝ የነበረው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ዕድሜዬ ትንሽ ነበር፤ ነገሩ ግን ገባኝ፤ አባቴ የተሰጠው በእሷ ፋንታ ነው።

እናቴ ከቆጮው ቆረሰችና እጇን ወደ ኑሪ ዘረጋች።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው። «ብላ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንዲህ ያለ እርቅ የለም ብሎ ሊናገር ሲል ጂግሶ ቀደሙት። «ተዋት። ልቧን ማጌኖ ይጠይቃት። እኛ የምንጠይቃት እጇን ነው።» ኑሪ ከእጇ በላ፤ ሲያላምጥ እንባው ጢሙ ላይ ይወርድ ነበር። እሱም ቆርሶ አጎረሳት። በመጨረሻ ሁሉም ወደ አጎቴ ዞረ፤ ከዚህ ማዕድ የበላ ሰው አብሮት በበላ ሰው ላይ እጁን አያነሣምና። አጎቴ ጠመንጃውን መሬት ላይ አጋደመ፣ አንድ ጊዜ ቆረሰ፣ ዋጠ፣ ተነስቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ዲላ አልተመለሰም። የወንድሙን ደም ሳይበቀል ካስገደለው ሰው ጎረቤት ሊኖር አልቻለም፤ አልፈርድበትም።

እናቴና ኑሪ ግን እስኪሞቱ ድረስ ግድግዳ ተጋርተው ኖሩ። የቃሏ ሰው ነበረችና ይቅርታ አድርጌልሃለሁ ያለችበትን ቀን አላስታውስም። ሲታመም አጥሚት ትልክለት ነበር፤ ስትሞት መቃብሯ ድረስ እየተደገፈ መጣ። ዛሬ እርቅ የሚደረገው በአዳራሽ ነው። ማይክ ይያዛል፣ ይታቀፋሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፤ ማን ምን እንዳደረገ ግን አይነሳም፤ «ያለፈው አለፈ» ይባላል። በማግስቱ የሚሆነውን ሁላችንም አይተናል። የእናቴን ኮምጠጥ ያለ ሰላም የምናፍቀው ለዚህ ነው።

ዘይነባ ዛሬም ዲላ አለች፤ አሮጊት ሆነናል። ኢድ ሲሆን ቤቷ እሄዳለሁ፤ ለእኔ ሥጋ የሌለበት ለብቻ ይዘጋጅልኛል። ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ይከቡኛል፣ አንዷ ጉልበቴ ላይ ወጥታ ፀጉሬን ትፈታለች። ያን ቀን ኑሪ አፉን ባይከፍት ኖሮ ከእነዚህ አንዳቸውም አይወለዱም ነበር። እስማቸዋለሁ፣ እመርቃቸዋለሁ፤ የምመርቃቸውም ከልቤ ነው። ከዚያ ቤቴ ገብቼ በሩን እዘጋለሁ፣ አባቴንም ድምፄን አውጥቼ አለቅሰዋለሁ።