ጋሼ ከድር ያልሠሩት ጥፋት

አቶ ከድር ይመር ባለፈው ረቡዕ ማለዳ ጌጃ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። ወሬውን የሰማሁት ልደታ ባለው መሥሪያ ቤታችን ኮሪደሩን እየወለወልኩ ሳለ ነው። የመሥሪያ ቤቱን የኮምፒውተር ኔትወርክ ዘርግተው ለዓመታት የጠበቁት እርሳቸው ነበሩ። እኔ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሰው ፊት መናገር ስለሚያቅተኝ፣ ለምታውቋቸው ሁሉ በጽሑፍ ልንገራችሁ።

ጋሼ መሰላል ላይ ወጥተው ገመድ ሲጎትቱ፣ ከታች ያለው ሁሉ «ኧረ ኔትወርክ!» እያለ ይጮህባቸዋል። ሲመለስለት ግን ዞር ብሎ አያያቸውም። «የእኛ ሥራ የሚታየው ሲበላሽ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። በየገመዱ ላይ የሚለጠፈውን ስም የሚያጽፉት እኔን ነበር። «ጽሕፈትሽ ከኔ ያምራል። ድምፅሽን ግን እንደ ፓስወርድ ደበቅሽው» እያሉ ያሥቁኝ ነበር።

አንድ ቀን የማሽኖቹን ክፍል ሳጸዳ፣ አንዱ ጫፉ ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙበት ሳጥን ላይ የተሰካ፣ ሌላው ጫፉ የተንጠለጠለ ገመድ አየሁ። የወለቀ መስሎኝ እዚያው ሳጥን ላይ ባዶ ቀዳዳ ፈልጌ ሰካሁት። እንደዚያ ሲሰካ መልእክቱ እዚያው እየዞረ ሁሉንም እንደሚያፍን ማን ነግሮኝ! የሕንፃው ኔትወርክ በሙሉ ቆመ፤ ባለጉዳይ ተሰልፎ ዋለ። ጋሼ ከሰዓት በኋላ አገኙት። ገመዱን ነቅለው ቀና ሲሉ የኔን ፊት አዩ።

ኃላፊው ሠራተኛውን አስከትለው ገቡ።

«ማነው የሰካው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ።

«አቶ ከድር፣ እርስዎ? ለነገሩ ዕድሜም አለ!»

ሰዉ ሣቀ። እኔ ዝም አልኩ።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥተው ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯቸው። ተከትያቸው ሄጄ ሳለቅስ፣ «እኔን ይቆጡኛል፤ አንቺን ያባርሩሻል። በይ ፊትሽን ታጠቢ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ጋሼ ከፋይሉ ቀና ይላሉ። የሚጠራቸው አልነበረም።

ለቅሶው ላይ ኃላፊው፣ «ደግ ሰው ነበሩ፤ መጨረሻ ላይ ተዘናጉ እንጂ» አሉ። የጋሼ ልጅ ዘሃራ አንገቷን ደፋች። እኔ ውኃ እያደልኩ ነበር። አሁንም ዝም አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገብቼ እውነቱን ተናገርኩ። «ሰውዬው ሞተዋል፤ አሁን ምን ይፈይዳል?» ብለው ወደ ስልካቸው ተመለሱ። የፈራሁት ይህን ነበር? ለዚህ ነው የአንድን ሰው ስም ያስጠፋሁት?

ጋሼ፣ እርስዎ አልተዘናጉም። ገመዱን የሰካሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ይቅር ብለውኛል፤ እኔ ግን በሕይወት ሳሉ አንድ ቃል ነፈግኩዎት። ደህና ይሁኑ ጋሼ። ይህን ወረቀት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌ ወደ ቤትዎ እሄዳለሁ። ለዘሃራ ግን በወረቀት አይደለም፤ በአፌ እነግራታለሁ።