የወንድሜ ተራ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ አንድ እንጨት ቤት ቁምሳጥን ላሠራ ሄድኩልሽ። ሠራተኛው ኮምፔርሳቶ በመጋዝ ይሰነጥቃል። ያ ሽታ፣ የሙጫና የእርጥብ እንጨት ሽታ፣ ገና ከደጅ አፍንጫዬን ሲመታኝ የበሩን መቃን ይዤ ቆምኩ። «እናቴ፣ አመመዎት እንዴ?» ብሎ ሰውየው በርጩማ አቀረበልኝ። ምን ልበለው? ኮምፔርሳቶ ሸተተኝና ወንድሜ መጣብኝ ልበለው? «ፀሐዩ ነው» አልኩና ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ቁምሳጥኑንም ሳላዝ ወጣሁ።

ይህን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ደግሞ እንዳትፈሪ፣ መጀመሪያው ያስቃል።

ቤታችን ከባህል አዳራሽ ጀርባ ነበር። ጴንጤዎች ነበርን፤ በደርግ ጊዜ ቃሏ ራሷ ስድብ ነበረች። ጸሎት ቤታችን ሲታሸግ አምልኳችን ወደ እራት ገበታ ተሰደደ። አባባ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኝ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ጩኸት ውስጥ ስለሚውል ቀስ ብሎ መዘመር አይሆንለትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዜማም አይሆንለትም። እማዬ «ተው፣ ጎረቤት ይሰማሃል» ስትለው ታላቅ ወንድሜ ይቀበልና «ይስማ እንጂ፤ ይህን የሰማ ሰው ያዝንልናል እንጂ አያሳስረንም» ይላል። በመጨረሻ አባባ መዝሙሩን ተወና ሌላ ልማድ አመጣብን።

ከመብላታችን በፊት፣ ከትንሹ ጀምሮ እስከ ትልቁ፣ እያንዳንዳችን በዚያ ቀን ስላገኘነው አንድ ትንሽ ነገር እናመሰግናለን። ትልቅ ነገር አይፈቀድም። «ስለ ጤናችን፣ ስለ ሰላማችን» ብሎ ነገር የለም። «እሱንማ ሁሉም ይለዋል፤ ጌታም ሰልችቶታል» ይል ነበር አባባ። ትናንት የተባለ ዛሬ አይደገምም። የሚያስቅ ከሆነ ደግሞ ሞቅ ያለ አሜን ይባልለታል።

ታናሽ እህቴ ገና አፏን መፍታቷ ነበር፤ «ድመቷ ስላስነጠሰች ተመስገን» ትላለች። እኔ የሂሳብ አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ሱሪው ስለተተረተረ አመስግኜ ኩርኩም ቀምሻለሁ። እማዬ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበርና የደንበኞቿ ቦርጭ የምስጋናዋ ምንጭ ነው። አባባ ደግሞ አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዛሬ ውይይት ክበብ ላይ ካድሬው በራሱ ንግግር መሃል እንቅልፍ ስለወሰደው» አለ። እማዬ ደንግጣ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች። ከዘጋች በኋላ እዚያው መጋረጃው ሥር ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች።

ከሁላችን የሚበልጠው ግን ወንድሜ ነበር። ሰው ሲያስመስል አካሄዱን ብቻ አይቶ አይተውም፤ ሰውየው ሊያስብ የሚችለውን ጭምር ይናገርልሻል። ዓሣ ገዝቶ ሲመጣ ዓሣ ሻጩ፣ ሻጩን የተከራከረችው ሴትዮ፣ ዓሣው ራሱ ሳይቀር አብረውት ይገቡ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ነጥብ አልመጣለትም። ያ ምን ማለት እንደነበር የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። ቀበሌው የብሔራዊ ውትድርና ኮታ አለበት፤ ኮታው ካልሞላ ጎረምሳ ከመንገድ ይታፈሳል። ከሰፈራችን የታፈሱት ወደ ሰሜን ሄዱ፣ ጦርነቱ ወዳለበት። እማዬ አንድ ጠዋት ከስፌት ማሽኗ ቀና ሳትል «እኔ ልጄን አልሰጥም» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። አባባ ከሥራ ሲመለስ ኮምፔርሳቶ በጋሪ አስጭኖ መጣ።

በሳሎናችን ግድግዳ ፊት ሌላ ግድግዳ አቆመ። በሁለቱ መካከል አንድ ሰው በጎኑ የሚተኛበት ክፍተት ቀረ። መግቢያው በመኝታ ቤቱ በኩል፣ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ነው፤ ጫፉ ላይ መንገዱን የምታሳይ አንዲት ቀዳዳ አለች። ወንድሜ እዚያ ገባ። ለጠየቀን ሁሉ «ዲላ አክስቱ ጋ ሄዷል» አልን።

ቀን ሳሉ ሲመጣበት ኮምፔርሳቶውን በጥፍሩ ይቧጥጣል። ያኔ እማዬ ማሽኗን በእግሯ ታስሮጣለች፣ በዚያ ጩኸት ውስጥ እሱ ያስላል። ጉንፋን ይዞት የሰነበተ ጊዜ እማዬ የሰፈሩን ዩኒፎርም ሁሉ ሰፍታ ጨርሳ፣ የሚሰፋ ብታጣ የእኛን አንሶላ እየተረተረች መልሳ ሰፋችው። በዚያ አንሶላ ላይ መተኛት ራሱ ቅጣት ነበር።

እራት ላይ እንኳ አይወጣም። በሰፈራችን ሰው በር አያንኳኳም፤ «ቤቶች!» ሲል ግማሽ አካሉ ገብቷል። ስለዚህ እማዬ በርጩማዋን ወደዚያ ግድግዳ አስጠግታ ጀርባዋን ሰጥታው ትቀመጣለች። እህቴ ታመሰግናለች፣ እኔ አመሰግናለሁ፣ ከዚያ የወንድሜ ተራ ይደርሳል። ሁላችንም ዝም እንላለን። እማዬ ወደ ኋላ ዘንበል ትልና ጆሮዋን ታስጠጋለች። እሱ ከውስጥ በሹክሹክታ ይናገራል፤ ከእሷ በቀር የሚሰማው የለም። መጀመሪያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ትከታለች። እኛ «ምን አለ? ምን አለ?» እያልን በጉጉት ልንሞት ነው፤ አባባ «አንቺ ሴትዮ፣ ንገሪን እንጂ!» ይላል። እንባዋን ጠርጋ፣ «አባ ኮዳ፣ ያቺ መላጣ የሐይቅ ዳር ወፍ፣ በበራችን አለፈች አለ፤ እንደ ቀበሌ ሹም ክንፏን ወደ ኋላ አጣምራ ግቢያችንን ቆማ ተቆጣጠረች አለ» ትለናለች። ከዚያ ሁላችንም ነን፤ ትራስ ላይ ተደፍተን ስንስቅ ወጡ ይቀዘቅዛል።

ደስ ይለን ነበር። ስናገረው ለራሴ ይዘገንነኛል፣ ግን እውነት ነው፤ ወንድሜን ግድግዳ ውስጥ አስገብተን፣ እንደዚያን ወራት ስቀን አናውቅም።

አንድ ምሽት ቆጮና ዓሣ ጥብስ ቀርቦ፣ «ቤቶች!» አሉና የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ገቡ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከሰሜን የመጡ ሴት። ለዘመቻ የሚሄዱትን ልጆች ስም እየጠሩ መኪና ላይ የሚያሳፍሩት እሳቸው ነበሩ። የራሳቸውን አንድ ልጅ ከመጀመሪያዎቹ ጋር አሳፍረዋል። እማዬ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ግን ማዕድ ላይ የደረሰ ሰው አይሸኝም። «ይቀመጡ እንጂ፣ እራት ቀርቧል» አለቻቸው። ባዶ የነበረው በርጩማ የወንድሜ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ተቀመጡ።

አባባ ያን ቀን ምስጋናውን ሊያልፈው አስቦ ነበር፤ «ብሉ፣ ብሉ» እያለ ሰሃኑን ገፋ አደረገ። እህቴ ግን የለመደችውን ጀመረች። «ዝንቧ አባባ ራሰ በራ ላይ ስላንሸራተተች» አለች። ሊቀመንበሯ ፈገግ አሉ። እኔም ቢቀር እንደሚያስጠረጥር ታየኝና አንድ ነገር ተናገርኩ።

ከዚያ ሁላችንም ዝም አልን።

አይገርምሽም? ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አላሰበውም። አፋችን ለምዶት ተዘጋ፣ ዓይናችን ለምዶት ወደ ግድግዳው ዞረ፤ እማዬ ራሷ ወደ ኋላ ዘንበል ብላ ጆሮዋን ኮምፔርሳቶው ላይ ለጠፈች። ስንት ወር ገና አፏን የፈታችን ሕፃን ሳይቀር አስጠንቅቀን ያቆየነውን ምስጢር ራሳችን በዝምታ ዘርግፈነው ተቀመጥን። መጀመሪያ የነቃው አባባ ነው፤ ሰሃኑን እንደገና ወደ እሳቸው ገፋ አደረገ። እማዬ ከግድግዳው መነሣትም አልቻለች፣ እዚያው ደርቃ ቀረች።

ሊቀመንበሯ የያዙትን ጉርሻ ይዘው እያንዳንዳችንን ተመለከቱን። ግድግዳውን አዩ። የተቀመጡበትን በርጩማ አዩ። ከዚያ ጉርሻውን ሰሃኑ ላይ መለሱና «ተራው የኔ መሰለኝ» አሉ።

«ልጄን የሸኘሁ ቀን» አሉ፣ «ቸኩሎ የግራ ጫማውን በቀኝ እግሩ አጠለቀው። ስሙን ስጠራ እንደ ዳክዬ እየተወዛወዘ መጣ። ያን ሁሉ ሰው ፊት ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ሳደርግ ትዝ አለኝ።» የመለሱትን ጉርሻ እንደገና አነሡና፣ «ስለዚያች ሳቅ ተመስገን» አሉ።

ከግድግዳው ውስጥ ሳቅ ይሁን ሲቃ ያልለየለት ድምፅ ወጣ። እማዬ ማሳል ጀመረች፤ ሊቀመንበሯ ቀና ሳይሉ የዓሣቸውን እሾህ ይለቅሙ ነበር። በልተው፣ መርቀው፣ ሲወጡ አባባን በር ላይ «እሁድ ቤት ለቤት ፍተሻ አለ» አሉት። «ይህ ግድግዳ እስከዚያ ባይኖር ይሻላል።»

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወንድሜ ወጣ። ነጥቷል፣ ጸጉሩ ላይ የእንጨት ዱቄት አለ፣ ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። የአባባ ጓደኛ ወደ ዲላ በሚነዳው የጭነት መኪና ሊሄድ ነው። እማዬ አንገቱን አቅፋ አልለቅ ስትል፣ «እስከ ዛሬ ዲላ ነው እያላችሁ ስትዋሹ ነበር፤ ልሂድና ከኃጢአት ላውጣችሁ» አላት። ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ መኪናው ተነሣ።

እሁድ ፈታሾቹ መጡ። ግድግዳው ፈርሶ ተማግዷል፣ ምንም አላገኙም። ሊቀመንበሯ አብረዋቸው ነበሩ፣ ወደ እኛ አላዩም። በሳምንቱ ሹፌሩ ብቻውን ተመለሰ። ኬላ ላይ ወታደሮች ወንድሜን ከመኪናው እንዳወረዱት ለአባባ ነገረው። ከዚያ ወዲያ ስለሱ የሰማነው የለም።

ያን ዕለት ለእራት ተቀመጥን። አባባ ልማዱን ለመሻር ልብ አላገኘም መሰለኝ። እህቴ አመሰገነች፣ እኔ አመሰገንኩ። ዝም አልን። እማዬ ጀርባዋን የምታስደግፍበት የለም፤ ቢሆንም ወደ ኋላ ዘንበል አለች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታለች። እህቴ ዘላ ተነሥታ ቁምሳጥኑ ጀርባ ልታየው ሮጠች። እኔ ፈራሁ፤ እናቴን ፈራኋት። አባባ አመድ መስሎ ለረጅም ጊዜ አያት። በመጨረሻ በዚያ ቀስ ማለት በማይሆንለት ድምፁ፣ ቀስ አድርጎ፣ «ምን አለ?» አላት።

«የጋሪ ፈረስ ባለጋሪውን መንገድ ላይ ጥሎ ተሳፋሪውን ብቻውን ቤቱ አደረሰው አለ» አለች።

አባባም ሳቀ። እንባው በጉንጩ እየወረደ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ የተቀመጥንበት ማዕድ ሁሉ እንዲሁ ሆነ። ደርግ ወድቆ የተበተኑት ወታደሮች በእግራቸው በከተማው ሲያልፉ እማዬና ሊቀመንበሯ ዋናው መንገድ ዳር ጎን ለጎን ቆመው ፊት ለፊት የመጣውን ሁሉ ያዩ ነበር። የአንዳቸውም ልጅ አልመጣም። ሴትየዋ ሹመታቸው ቀርቶ ምስኪን ጎረቤት ሲሆኑ እራታቸው ከእኛ ጋር ሆነ፤ የወንድሜ ተራ ሲደርስ ከሁላችን ቀድመው «ምን አለ?» የሚሉት እሳቸው ነበሩ። አባባም ሊሞት ሰሞን አልጋው ላይ ሆኖ ይጠይቃት ነበር። እኔ ትሰማዋለች ወይስ ትፈጥረዋለች ብዬ እናቴን ጠይቄያት አላውቅም። ጎረምሳ ሳለሁ እብደት ይመስለኝ ነበር። በኋላ ቤታችን የሚስቅበትን አንድ ቦታ ጠብቃ ያቆየችው እሷ መሆኗ ገባኝ። ግን አሁንም ቢሆን ያ ዝምታ ሲመጣ ጀርባዬን ይበርደኛል።

አባባም ሊቀመንበሯም ሞተዋል፤ እህቴ ባሏን ተከትላ ሐዋሳን ለቃለች። እማዬ አሁን ከእኔ ጋር ናት። ጆሮዋ ደክሟል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። እንጨት ቤት የሄድኩ ዕለት ማታ ሁለታችን ብቻ ቀረብን። እኔ አመሰገንኩ። እማዬ ዘንበል አለች። ጠበቅኩ። ትከሻዋን አየሁ፣ አልተንቀሳቀሰም። ቆየች፣ በጣም ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ «ዛሬ ምንም አላለም» አለችኝ። በሕይወቷ እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም። 

«ኧረ እኔ ሰምቼዋለሁ!» አልኳት ጮክ ብዬ። «ፍየል እንደ ሰው በባጃጅ ተሳፍራ፣ አንገቷን አውጥታ ሰፈሩን እያየች አለፈች አለ።»

እማዬ ፈገግ አለች። ዓሣውን ከእሾህ ለየችና ጠቅልላ ወደ አፌ አስጠጋችው።

«ይሄስ ያንቺ ነው» አለችኝ። «እሱ ባጃጅ የት ያውቃል፣ ልጄ?»