መሬት የነካው ጸበል

ትናንት፣ እዚህ ፖርቱጋል፣ በወንዝ ዳር ስሄድ ዝናብ ያራሰው የባሕር ዛፍ ሽታ አቆመኝ። ከአባዬ ጋር በአስኮ ወንዝ ዳር የሄድንበት ጠዋት ትዝ አለኝ።

ያን ጊዜ እማዬ ታማ ተኝታ ነበር። ጸበል ልንቀዳላት ሄደን ወደ ኮልፌ ስንመለስ ጀሪካኑን አባዬ በትከሻው ተሸክሞ ነበር። "አደራ፣ መሬት እንዳይነካ፤ ኃይሉን ያጣል" ብላ ነበር የላከችን። መንገዱ ሜዳ ስለነበር አልደከመንም። ከባሕር ዛፎቹ መሀል የፈረሰ የድንጋይ ግድግዳ አየሁ።

"የድሮ የውሃ ወፍጮ ነው" አለ አባዬ። "አያትሽ እዚህ ያስፈጩ ነበር።"

የወፍጮውን ድንጋይ ልነካ ስሮጥ እርጥቡ ሣር አዳለጠኝና ወደ ወንዙ ተንሸራተትኩ። አባዬ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጦ ቀሚሴን ጨምድዶ ያዘኝ።

"አባዬ፣ ጸበሉ! እማዬ ልትሞት ነው!" ብዬ አለቀስኩ።

"ዝም በይ፣ አንቺ ጅል! ውሃው ራሱ ከየት የፈለቀ መሰለሽ?" አለኝ። ያኔ አልገባኝም።

ቤት ስንደርስ እማዬ ከትራሷ ቀና አለች።

"መሬት ነካ?"

አባዬ ውሸት አያውቅበትም። "ነካ። ወይ እሱን ወይ እሷን መያዝ ነበረብኝ።"

ጭቃ የለበሰ ቀሚሴን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ኩባያዋን ዘረጋችልኝ።

"እንግዲያው መሬቱም ተባርኳል። ቅጂልኝ፣ ልጄ።"

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረችልኝ፤ ተመስገን። እዚህ የእኛ ቤተ ክርስቲያን የለም። ትናንት እዚያው ወንዝ ዳር፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ጫማዬን አውልቄ ጸለይኩ።