የረዳቷ ድምፅ

ሓርነት ፈተናውን የወደቀችው ባለማወቅ አይደለም። ከናይሮቢ ዋናው ጣቢያ እስከ ሩይሩ ያለውን ሐዲድ ጠይቋት፤ ኩርባውን፣ ዳገቱን፣ ማቋረጫውን፣ ጡሩምባ የሚነፋበትን ቦታ ሁሉ ዓይኗን ጨፍና ትቆጥርላችኋለች። የፍሬኑ አየር ስንት ሲደርስ ደህና እንደሆነ፣ ስንት ሲደርስ እንደሚያሰጋ ከማንም በላይ ታውቃለች። የወደቀችው በጨዋነቷ ነው። ጨዋነት ሰውን ከእንጀራው ያስወጣል ቢባል ማን ያምናል? ሓርነትም ራሷ አላመነችም ነበር።

የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር ነው። አባቷ አቶ ኣርኣያ አስመራ ተወልደው፣ አማርኛን ትምህርት ቤት ለምደው፣ ለሥራ አዲስ አበባ ገብተው ሲኖሩ የካዛንቺስ ልጅ የነበሩትን ወይዘሮ ትበርህን አገቡ። ሁለቱ አገሮች የተጣሉ ጊዜ ባልና ሚስቱ ሁለት ሻንጣ ይዘው ኬንያ ገቡ፤ የቤታቸው ቋንቋም እዚያው አማርኛ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አቶ ኣርኣያ ጊጊሪ የሚሠሩ፣ ሩንዳ የሚኖሩ የውጭ ሰዎችን በታክሲ እያመላለሱ ነው ልጃቸውን ያሳደጉት።

ያሳደጓትም በሥርዓት ነው። በዚያ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር አፍ አይከፈትም። ትልቅ ሰው ሲሳሳት አይቶ እንዳላየ ይታለፋል። የትልቅ ሰው ስም ደግሞ ራቁቱን አይጠራም፤ ወይ ጋሼ፣ ወይ እትዬ፣ ኬንያዊ ከሆነም ምዜ ከፊቱ ይቀመጥለታል። ሓርነት ይህን ሁሉ ቁጣ ሳያስፈልጋት ተማረች። በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እናቶች ልጆቻቸውን የሚቆጡት በእሷ ስም ነበር፤ የትበርህን ልጅ አታዩም ወይ እያሉ። የተቆጡት ልጆች ምን ያህል ይጠሏት እንደነበር መገመት አያቅትም።

ባቡር ሥራ የገባችው በቲኬት ተቆጣጣሪነት ነው። ጠዋት ሰውን ከሩይሩ ወደ ከተማ፣ ማታ ከከተማ ወደ ሩይሩ ከሚያመላልሰው ባቡር ላይ አራት ዓመት ሠራች። ሥራውን አልጠላችውም። የጊቱራይ ነጋዴዎች ጎመን በጆንያ ይዘው ሲሳፈሩ ቦታ ማመቻቸት፣ ቲኬቴ ጠፋብኝ የሚለውን እውነተኛ ከውሸታሙ መለየት ተክናበት ነበር። ልቧ ግን ከፊት ነው። ባቡሩ መጨረሻው ጣቢያ ደርሶ ሰው ሲወርድ እሷ በጎን በኩል ሄዳ የሾፌሩን መስኮት አንጋጣ ታያለች። ያን ሁሉ ሰው አንድ ሰው በእጁ ይዞ መምጣቱ ይገርማታል፤ ያ ሰው መሆን አማራት። ለሠራተኞች የሾፌርነት ሥልጠና ማስታወቂያ የተለጠፈ ዕለት የመጀመሪያውን ማመልከቻ ያስገባችው እሷ ናት። አሥር ወር ተማረች። በጽሑፍ ፈተናው ከሁሉም በለጠች። የቀራት የተግባር ፈተና ብቻ ነበር፤ ከፈታኙ ጎን በረዳትነት ተቀምጦ መሥራት።

የረዳት ሥራ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ረዳት ያየውን ሲግናልና ሰሌዳ ሁሉ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሾፌሩም ይመልስለታል። ካልመለሰለት ይደግማል። አሁንም ካልመለሰ ከፊቱ ያለውን የአደጋ ጊዜ ፍሬን ይስባል። ሕጉ ይኸው ነው።

ፈታኙ ምዜ ኪሎንዞ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ባቡር የነዱ፣ ፂማቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ የሻይ ፔርሙዛቸው ከእጃቸው የማይለይ ሽማግሌ። በፈተናው ቀን ጠዋት ሁለቱ ብቻቸውን ሎኮሞቲቩ ላይ ወጡና ዴፖው ግቢ ውስጥ ባለው ሐዲድ ላይ ቀስ እያሉ መሄድ ጀመሩ። እሳቸው ያቀረቀሩት ወረቀታቸው ላይ ነው። ከፊት ለፊት ሐዲዱ መሀል ለፈተናው የተተከለ ቀይ ሰሌዳ አለ። ሓርነት ከሩቅ አይታዋለች።

“ይቅርታ ምዜ፣ ከፊት ሰሌዳ ያለ ይመስለኛል” አለች። ያለችው ግን ከሞተሩ ድምፅ በታች ነው። ምዜ ኪሎንዞ ዝም። እሷም ዝም። ሠላሳ አራት ዓመት የነዳ ሰው ሰሌዳ ይጠፋዋል እንዴ፣ አይተውታል እንጂ፣ እኔ ማን ነኝና አስተምራቸዋለሁ አለች በልቧ። ይህን ስታስብ ሰሌዳው ቀጭ ብሎ ከሎኮሞቲቩ ሥር ገባ።

ምዜ ኪሎንዞ ባቡሩን አቁመው ወረቀታቸው ላይ ሁለት ቃል ጻፉ። አይታለች፤ አልተናገረችም። ከዚያ በለሆሳስ ነገሯት። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ዕድል አላት፤ ያ የመጨረሻው ነው። እሱን ከወደቀች ወደ ቲኬቱ ትመለሳለች፤ ሌላ ሥልጠና መቼ እንደሚከፈት ደግሞ የሚያውቅ የለም።

ቤት ገብታ ለአባቷ ነገረች። “ባባ፣ ፕራክቲካሉን ፌል አደረግኩት። ሪስፔክት አብዝተሻል ነው የሚሉት።”

አቶ ኣርኣያ መጀመሪያ የተቆጡት በምዜ ኪሎንዞ ነው። ሽማግሌ ሆኖ ለልጅ ወጥመድ ይዘረጋል ወይ ብለው ጉድ አሉ። ቆየት ብለው ግን ጭንቅላታቸውን አከኩ። ልጅቱ የወደቀችው እሳቸው ባስተማሯት ነገር መሆኑ ገባቸው። ሰው ልጁን በክፋት ቢያሳድግ ይጸጸታል፤ በደግ አሳድጎ ሲጸጸት ምን ይባላል?

ቅዳሜ ዕለት ታክሲያቸው ውስጥ ከጎናቸው አስቀመጧት። እኔን ምዜ ኪሎንዞ ነው በይኝ፣ ያየሽውን ተናገሪ፣ እኔ እያወቅሁ አጠፋለሁ አሏትና የካሳራኒን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ተያያዙት። እሳቸውም ቃላቸውን ጠብቀው አጠፉ። ከፊት ጉብታ ሲመጣ ሓርነት “ባባ፣ እንትን...” ትላለች፤ መኪናው ዘሎ ይወርዳል። ጉድጓድ ሲመጣ “ባባ፣ ካላስቸገርኩ...” ትላለች፤ ጎማው ይገባል። አራተኛው ጉድጓድ ላይ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ተላቀቀ። መሬት ለመሬት እየተንኳኳ ቤታቸው በር ድረስ አጀባቸው።

ወይዘሮ ትበርህ ድምፁን ሰምተው ከሦስተኛው ፎቅ በመስኮት ብቅ አሉ። ወርደው ነገሩን ሲሰሙ አልሳቁም፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ያዙት። ከዚያ ልጃቸውን፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ኋላ ተቀምጠሽ እኔን ስሚኝ አሏት። አቶ ኣርኣያ ያን ቀን ማታ ማርሚታውን በሽቦ አሰሩት።

ወይዘሮ ትበርህ መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ መሪ ጨብጠውም አያውቁም። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባላቸውን የነዱት እሳቸው ናቸው። ቤት ውስጥ ባላቸውን የሚጠሩት አባ ሓርነት ብለው ነው፤ ሰው ፊት ደግሞ አንቱ ይሏቸዋል። የመኪናው በር ሲዘጋ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ሓርነት ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው እንደተከፈተ ሬዲዮ ነበርና ጆሮ ሰጥታው አታውቅም። ያን እሑድ ሰጠችው።

“ኣርኣያ፣ ማታቱ” ይላሉ እናቷ ሚኒባስ ሲጠጋቸው። ትንሽ ቆይተው “ኣርኣያ፣ ቀይ።” ደግሞ “ኣርኣያ፣ ፖሊስ።” ድምፃቸው ከፍ አይልም፣ አይለሰልስም። ይቅርታ የለ፣ ይመስለኛል የለ። አባቷም ሳይከፋቸው፣ ዞር ብለውም ሳያዩ፣ ያቆማሉ ወይ ይታጠፋሉ። ሓርነት ኋላ ተቀምጣ አፏን ከፍታ ቀረች። አሥር ወር የተማረችውን ነገር እናቷ ነጠላ ለብሰው፣ መቁጠሪያ ይዘው ይሠሩታል።

ሲመለሱ እናትና ልጅ ኩሽና ውስጥ ብቻቸውን ሆኑና ጠየቀቻቸው። ማማ፣ እንዲህ ስትጠሪው እሱን መድፈር አይሆንም ወይ አለቻቸው። ወይዘሮ ትበርህ ሽንኩርት መክተፋቸውን አላቋረጡም።

“አባትሽን ከመኪና ስንወርድ አከብረዋለሁ” አሉ። “መኪና ውስጥ ግን እንዲተርፍልኝ ነው የምፈልገው።”

ከዚያ በኋላ ባለው ሁለት ሳምንት የፊት ወንበሩን ለልጃቸው ለቀቁላት። አባትና ልጅ ማታ ማታ ከሥራ መልስ ሮይሳምቡ ድረስ ይወጣሉ። ሓርነት ይቅርታውን ተወች። ይመስለኛልንም በሦስተኛው ቀን ተወች። የአባቷ ስም ግን እንቢ አላት፤ አፏ ላይ ደርሶ ይመለሳል። “ባባ” ስትል ደግሞ ድምፁ የልጅ ድምፅ ይሆንና አባቷ ሆን ብለው አይሰሟትም። ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው የትራፊክ መብራት ጋ ሲደርሱ አባቷ ፍጥነታቸውን ጭራሽ ጨመሩ።

“ኣርኣያ፣ ቀይ!”

አቶ ኣርኣያ ፍሬኑን ረገጡት። ከኋላ የነበረው ማታቱ ጡሩምባውን ለቀቀባቸው፤ ረዳቱም በመስኮት ወጥቶ ሊደገም የማይገባ ነገር በስዋሂሊ ተናገረ። ያ ስም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያ አፍ ወጥቶ አያውቅም። አቶ ኣርኣያ ትንሽ ከፋቸው፤ ይህን መደበቅ አይቻልም። ከከፋቸው ይልቅ ግን ኮሩ። ሓርነት ፊቷ ቀልቶ፣ እንባዋ ቀርቦ ስትጠብቅ መብራቱ ወደ አረንጓዴ ተቀየረ።

“ዘገየሽ” አሏት። ሁለቱም እየሳቁ ቤት ገቡ።

የፈተናው ቀን ጠዋት ምዜ ኪሎንዞ እንደ ልማዳቸው ሻያቸውን ፔርሙዛው ክዳን ላይ ቀድተው ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። ሎኮሞቲቩ ተንቀሳቀሰ። የመጀመሪያውን ሲግናል ሓርነት ጠራች፤ መለሱላት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሓርነት ልቧ ትንሽ ረጋ። ምዜ ኪሎንዞ ያን ጊዜ ወሬ ጀመሩ። የወላጆቿን ደኅንነት ጠየቁ። ቀጥለውም ስለ እናታቸው አነሡ፤ የትውልድ ገጠራቸው ኪቱይ ስለተቀበሩበት ቀን፣ ስለ ዝናቡ፣ ወንድማቸው መንገድ ተቆርጦበት ሳይደርስ ስለመቅረቱ። ድምፃቸው እየሰለለ ሄደ። ዓይናቸው ከመንገዱ ላይ ተነሥቶ እሷ ላይ ሆነ።

ቀዩ ሰሌዳ ከፊት ታየ።

እንግዲህ አስቡት። የእናቱን ቀብር የሚያወራ ሽማግሌን ማቋረጥ በየትኛው ቤት ይቻላል? በሓርነት ቤት እንዲህ ያለ ሰው ፊት ውኃ እንኳ አይጠጣም።

“ኪሎንዞ፣ ቀይ ሰሌዳ” አለች።

እሳቸው ስለ ሬሳ ሳጥኑ ቀጠሉ።

“ኪሎንዞ፣ ቀይ። አቁም።”

የወንድማቸውን ስም ጠርተው ተከዙ። ሓርነት የአደጋ ጊዜውን ፍሬን ይዛ ሳበችው። ሎኮሞቲቩ ተንገጫግጮ ቆመ፤ ሻዩም እንዳለ ምዜ ኪሎንዞ ሱሪ ላይ ፈሰሰ።

እኒያ የተከበሩ ሽማግሌ ጭናቸው እየጨሰ ተቀምጠዋል። ፖሌ ሳና ምዜ የሚለው ቃል በስዋሂሊ፣ ይቅርታ የሚለው በአማርኛ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ጥርሷ ሥር ደረሱ። እጇ መሀረብ ለማውጣት ወደ ኪሷ ሄደ። ቀና ስትል ምዜ ኪሎንዞ እስክሪብቷቸውን ወረቀቱ ላይ አንጠልጥለው፣ ሱሪያቸውን ሳይጠርጉ፣ አፏን አፏን እያዩ ነው። ገና አልጻፉም። ይጠብቃሉ።

ሓርነት ይቅርታዋን ዋጠችው።

“ከሰሌዳው በፊት ቆመናል” አለች። “ወደ አሥር ሜትር ይቀረዋል።”

ጻፉ። ፈረሙ። ከዚያ ሱሪያቸውን በጋዜጣ እየጠረጉ፣ እናታቸው ደኅና መሆናቸውን፣ ኪቱይ ፍየሎቻቸውን እየጠበቁ እንደሆነ፣ ይህን ታሪክ ከሰሙ ግን በዱላ እንደሚያባርሯቸው ነገሯት። በዚህ ቀብር ስንት ጎበዝ ልጅ ወድቆ እንደቀረም ነገሯት። ሓርነት ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለባት። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ምዜ ኪሎንዞ ወገባቸውን ይዘው ከሾፌሩ ወንበር ተነሡ። እሷም ደንግጣ ተነሣች። እሳቸው በአጠገቧ አልፈው ሄደው በረዳቷ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ባዶውንም ወንበር በአገጫቸው አሳዩዋት። ቀዩ ሰሌዳ ከፊት ተነሣ፤ ሎኮሞቲቩን ወደ ማቆሚያው የምትመልሰው እሷ ናት። ሓርነት ተቀመጠች። መስኮቱ ከዚያ በኩል ሲታይ ሰፊ ነው።

ምዜ ኪሎንዞ ቀና ብለው ተቀመጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ዓይናቸውን ሐዲዱ ላይ ተከሉ።

“ሓርነት፣ አረንጓዴ” አሉ።

“አረንጓዴ” ብላ መለሰችና ፍሬኑን ለቀቀች።