ከመንገዱ በኩል የላክኩት ጨረር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለእናቴም፣ ለባልደረቦቼም የነገርኳቸው ሌላ ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ እንደ ክርስቲያን ወዳጆቼ ነፍስ አባት ዘንድ ሄጄ የምናዘዝበት ወግ የለኝም። ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ አንተ ስማኝ። እንድታጽናናኝ ግን አልፈልግም።

አሶሳ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ንድፍ አስተምራለሁ። ይበልጣል የቤተ ሙከራችን ባለሙያ ነበር፤ ከመተከል፣ ከማንዱራ ተፈናቅሎ የመጣ የገበሬ ልጅ፣ በዕድሜ እኩያዬ። ዓርብ ዓርብ እኔ ከጁምዓ ስመለስ ቤታችን እየመጣ አብረን የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ እንበላ ነበር። ዓርብ ስለሚጾም እናቴ ለእሱ ስትል ወጡን ያለ ሥጋ ትሠራዋለች። እኔ ስነጫነጭ "አንተ ብትጾም ምን ትሆናለህ?" ትለኝ ነበር በቋንቋችን።

የምናስተምርበት ፕሮግራም አሮጌ ነው፤ ዛሬ በነፃ ይገኛል። ታሪኩን ማውራት ደግሞ ነፍሴ ነው። የአሜሪካ ጦር ባለሙያዎች ድሮ ታንክን ከኳስ፣ ከሳጥንና ከቧንቧ ቅርጾች እየገጣጠሙ በኮምፒውተር ይሠሩ ነበር። ለሥዕል ብለው አይደለም። ከውጭ ወደ ታንኩ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይልካሉ፤ ጨረር ይሉታል። ኮምፒውተሩም ጨረሩ በተራ ያገኛቸውን ነገሮች በየስማቸው ይዘረዝራል፦ ብረት፣ ነዳጅ፣ ሹፌር። ጥይት በዚህ በኩል ቢገባ ምንንና ማንን እንደሚያገኝ የሚያውቁት እንዲህ ነበር። በኋላ ያው ዘዴ ብርሃንን እየተከተለ ያማረ ሥዕል ለመሥራትም ዋለ።

ይበልጣል በዚህ ፕሮግራም ታንክ አልሠራም። የተቃጠለ ቤታቸውን ሠራ። የቀርከሃውን ግድግዳ፣ ምሰሶውን፣ መደቡን፣ ሁሉንም በልኩ አቁሞ ለእያንዳንዱ ስም ሰጠው። መደቡ ላይ አንድ አጭር ቧንቧ አቆመና ኳስ ጫነበት። ስሙንም በፈረንጅ ፊደል "እናቴ" ብሎ ጻፈ።

"እዚች ጋ ነበር የምትቀመጥ" አለኝ። "ሰው መሥራት አልችልበትም። ቦታዋን እንዳልረሳው ብየ ነው።"

ከመንገዱ በኩል የተተኮሰ ጥይት ግድግዳውን በስቶ፣ እዚያው መደቧ ላይ እንዳገኛት አሶሳ ውስጥ የነገረው ለእኔ ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ገምጋሚዎች የመጡ ቀን አንድ ታንክ አዘጋጅቼ ነበር። በፕሮግራሙ ሁለት ነገር አንድ ቦታ ላይ ከተደራረበ ስህተት ነው፤ የእኔ ታንክ እንግዶቹ ፊት ስህተት በስህተት ሆነ።  የይበልጣል ቤት ግን አንድም መደራረብ አልነበረበትም። ሰው የናፈቀውን ሲሠራ እጁ አይሳሳትም መሰለኝ። ያን ጥራቱን ደግሞ ቀንቼበታለሁ፤ ይህንንም ልናገረው። ሳልጠይቀው የሠራውን ቤት ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩ። እሱ ፕሮጀክተሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

ለሚስቴና ለባልደረቦቼ የዋሸሁት እዚህ ላይ ነው። "እናቴ የሚለው ስም እንዳለበት ረስቼ ነበር" እላለሁ። አልረሳሁም። ከጓሮ በኩል ብልክ ጨረሩ ግድግዳና ግድግዳ ብቻ አግኝቶ ይወጣል። ከመንገዱ በኩል ግን ዝርዝሩ ይረዝማል፣ ለማስረዳት ይመቻል። ይህን አስቤ፣ አውቄ፣ ከመንገዱ በኩል ላክኩ። እኔ ላክኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው የወዳጁን እናት ደግሞ የሚመታት? ለምን? አንድ ጥሩ ምሳሌ ለማሳየት?

ግድግዳ፣ ምሰሶ፣ እናቴ፣ ግድግዳ። አራቱ ቃላት ሸራው ላይ ወጡ።

ከእንግዶቹ አንዱ ፈገግ ብሎ "እናቴ የሚለው ምንድን ነው?" አለ። ወለሉን አየሁ። የመለሰልኝ ይበልጣል ነው።

"ዕቃ ናት፣ ጋሼ" አለ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። እኔም ተመሰገንኩ። በማግስቱ ይበልጣል የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ለጥበቃው ትቶ ሄደ። እዚያው መተከል፣ ግልገል በለስ አየነው ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ ስልኩ ግን አይሠራም።

ይናፍቀኛል። አነጋገሩ፣ ባሚያውን በጥርጣሬ አይቶ ከዚያ ሳህኑን የሚጠርገው ነገር፣ እናቴን "እማማ" የሚላት ነገር ይናፍቀኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ የወጋሁት እኔ ሆኜም ልረሳው አልቻልኩም። ቤቱ እስካሁን ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። አንዳንድ ቀን እከፍተዋለሁ። ጨረር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ልኬበት አላውቅም፤ መደቡን ብቻ አይቼ እዘጋዋለሁ።

በሃይማኖታችን የሰው ሐቅ ከባድ ነው። የበደሉት ሰው ራሱ ይቅር እስኪል ድረስ በጸሎት ብቻ አይነሳም። ለዚህ ነው የምጽፈው። ይበልጣል፣ ይህ ከደረሰህ ስማኝ፦ "ዕቃ አይደለችም፣ እናቱ ናት" ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አንተ እኔን ከሐፍረት ለማዳን እናትህን ዕቃ አልካት። አፉ በለኝ። አልልም ብትልም አልቀየምህም።

እናቴ ምን እንዳደረግኩህ አታውቅም። መንገድ ርቆብህ የቀረህ ይመስላታል። ዓርብ ዓርብ ወጡን አሁንም ያለ ሥጋ ነው የምትሠራው።